ሁለተኛ ሳልጠየቅ የቀረሁበት ቤት

ሰው አንድ ነገር ሲሰጠኝ መጀመሪያ እምቢ እላለሁ። ይህን በአደባባይ የምናዘዘው ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው። እናንተም ታደርጉታላችሁ። ጎረቤት "ምሳ ብላ" ሲላችሁ፣ አንጀታችሁ እየጮኸ፣ "ኧረ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት" ትላላችሁ። "በሞቴ!" ይላችኋል። "እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ" ትላላችሁ። ሦስተኛው ላይ "እንግዲያው ተቀይሜሃለሁ" ሲል፣ "እሺ ትንሽ ልቅመስ" ብላችሁ እጃችሁን ትታጠቡና የትሪው የሥዕል አበባ እስኪታይ ትቀምሳላችሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት በቁንጥጫ ነው። ሰው ቤት ሄደን ገና በመጀመሪያው ጥያቄ "እሺ" ካልኩ የእናቴ ጣት ጭኔ ላይ ትሰካለች። በዚህ ሥርዓት አዲስ አበባ ላይ ከልጅነት እስከ ጎልማሳነት ሳልራብ ኖሬያለሁ። ናይሮቢ ላይ ግን ቤት ሊያሳጣኝ ነበር።

የሚገርመው ሥራዬ ነው። ጊጊሪ አካባቢ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የግዢ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ውል አነባለሁ። ውል ሳነብ ጨካኝ ነኝ። አንድ አቅራቢ "በዚህ ሁኔታ ማቅረብ አልችልም" ብሎ ከጻፈልኝ፣ "እናመሰግናለን" እለውና ፋይሉን ዘግቼ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። አንድም ቀን "በሞቴ፣ አቅርብልን እንጂ" ብዬ ጽፌ አላውቅም። ለካ ያ ሁሉ እውቀት ከቢሮ ስወጣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይጠፋል።

የምንኖረው ዌስትላንድስ፣ አንድ አሮጌ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለው። ሊፍቱ ላይ "ተበላሽቷል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ እየተባለ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ደረጃው ሰባ ሁለት ነው። ቁጥሩን እኔ አልቆጠርኩትም፤ የቆጠረችው ባለቤቴ አልማዝ ናት።

አልማዝ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከሆስፒታል የወጣች ቀን፣ አራት ሰው በፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ አወጣት። "ይኸው ነገሥኩ" ብላ ሳቀች። ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር ለብዙ ጊዜ እንዳታስብ ብሏት ስለነበር፣ ከነገሠች በኋላ ከዙፋኗ አልወረደችም። ይኸው ሰባተኛ ሳምንቷ ነበር። ሰው የምትወድ ሴት ናት፤ ከበራችን እስከ ገበያ ለመድረስ አሥር ደቂቃ የሚበቃውን መንገድ ሰላምታ እየሰጠች ሰዓት ሙሉ የምትሄድ። አሁን በረንዳ ላይ ቆማ ዘንቢል በገመድ ታወርድና አጥራችን ሥር ከምትቀመጠው ሙዝ ሻጭ ሙዝ ትገዛለች። ከአራተኛ ፎቅ በስዋሂሊ ያወጋሉ። የሙዝ ሻጯ ልጅ ጥርስ ማብቀሉን ሰፈሩ በሙሉ የሰማው እንደዚያ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞራ ትቆማለች። እኔ ያን ጊዜ ጋዜጣ የማነብ እመስላለሁ።

አከራያችን ማማ ንጄሪ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በስተጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ይኖራሉ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ደብተር ከእጃቸው አይለይም። ተከራይን በስሙ ጠርተው አያውቁም። እንደ ክፍል ስም ጥሪ በቤት ቁጥሩ ነው የሚጠሩት። እኔ "ፎር ቢ" ነኝ። ስጠራ ሳላስበው ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስጣደፍ በር ላይ አገኙኝ።

"ፎር ቢ" አሉኝ። "ምድር ቤት ያለው ዜሮ ኤ በወሩ መጨረሻ ይለቀቃል። የሚስትህን ጉልበት አውቃለሁ። አሁን በምትከፍለው ኪራይ ውሰደው። ትፈልጋለህ?"

ልብ በሉ። ለማንም ሳይነግሩ ለእኔ ነው የነገሩኝ። ዘልዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አፌ ግን እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

"ኧረ ማማ፣ አይሆንም" አልኩ። "እርስዎን ማስቸገር ነው። ለሌላ ሰው ያከራዩት። እኛ እዚያው ደህና ነን።"

"ሳዋ" አሉ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። ደብተራቸው ላይ አንድ መስመር ሰረዙና ወደ አበቦቻቸው ሄዱ።

እኔም የመጀመሪያው ዙር በሰላም ተጠናቀቀ ብዬ እያፏጨሁ ማታቱዬን፣ የናይሮቢን ሚኒባስ፣ ተሳፈርኩ።

ማታ ለአልማዝ ነገርኳት። ከሶፋው ላይ ቀና አለች።

"እና ምን አልክ?"

"እምቢ አልኩ።"

"ደግ አደረግህ" አለች፤ እሷም የእናቷ ልጅ ናት። "ገና አንዴ ሲሉን የምንንጠለጠል አይምሰላቸው። ብቻ ሁለተኛ ሲጠይቁህ አታብዛው። ጉልበቴ ብዙ እምቢታ አይችልም።"

ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርን። ረቡዕ ከረባት አስሬ በደጃቸው አለፍኩ። ሰላምታ ሰጡኝ። ሐሙስ ቀስ ብዬ አለፍኩ። "ዛሬ አመመህ እንዴ?" አሉኝ። ዓርብ በራቸው ፊት ቆሜ የጫማዬን ክር ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ። "ፎር ቢ፣ ክር የሌለው ጫማ ግዛ" ብለው በሩን ዘጉት። ማታ ማታ አልማዝ ከደረጃው የሚመጣ ኮቴ በሰማች ቁጥር ሻሿን ታስተካክል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከበረንዳ ጠራችኝ።

"አንተ፣ ና እስቲ። ያ ሰውዬ የሚለካው ምንድን ነው?"

ወደ ታች አየሁ። አንድ ወጣት ሜትር ዘርግቶ ይለካል። "መስኮት" አልኩ።

"የማን መስኮት?"

"የዜሮ ኤ።"

"መስኮት የሚለካው ለምንድን ነው?"

"ለመጋረጃ ይሆናላ።"

አልማዝ ዘንቢሏን ቀስ ብላ ጎትታ አስገባች። "መጋረጃ የሚለካ ሰው ለጉብኝት አይመጣም" አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ያን ቀን ሙዝ አልገዛችም።

ሰባ ሁለቱን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ወርጄ ዘበኛውን ጠየቅኩት። አዲስ ተከራይ እንደሆነ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት መጥቶ እንደሚፈርም ነገረኝ። ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቤዛን በር አንኳኳሁ።

ቤዛ የኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻችን ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ናይሮቢ ነው። የሕግ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። "ጋሼ" ትለኛለች፣ "አንቱ" ግን አትለኝም፤ አንቱታ ከሚያስተምር ትምህርት ቤት አልገባችም።

"ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ። ማማ ንጄሪ ኤግዛክትሊ ምን አለችህ?"

ነገርኳት።

"ኦኬ። ቤቱ ታውቋል፣ ኪራዩ ታውቋል፣ ቀኑ ታውቋል። ይኼ ክሊር ኦፈር ነው፣ ግልጽ የውል ሐሳብ። እሺ ብትላት በቃ ተስማማችሁ ማለት ነበር፤ መፈረም ብቻ ይቀራችኋል። አንተ ምን አልክ?"

"እምቢ አልኩ።"

"ለምን?"

ይህን ጥያቄ በዕድሜዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "እንዲያው… ለወጉ" አልኩ።

ቤዛ ብዕሯን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ ኦፈር አንዴ እምቢ ካሉት ይሞታል። ፊኒሽ። በማግስቱ ሐሳቤን ቀየርኩ ብትል አይነሳም። እሷም ለፈለገችው ሰው መስጠት ትችላለች።"

"እኔ እኮ እስኪደግሙት እየጠበቅኩ ነበር።"

"ሕግ አይደግምም፣ ጋሼ።"

"ዝም ብዬ መጠበቄስ? ዝምታ እሺታ አይደለም?"

"ዝምታ ዝምታ ነው።"

እዚህ ላይ ተናደድኩ። እናንተ ፍረዱኝ። እኔ አልማዝን ያገኘሁት በሦስተኛው ሽምግልና ነው። በመጀመሪያው አባቷ "ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የለችንም" አሉ፤ እሷ ጓዳ ሆና ትሰማለች። በሁለተኛው "ዘመድ እናማክር" አሉ። በሦስተኛው ነው ፊታቸው የተፈታው። ሽማግሌዎቼ ቤዛን ይዘው ሄደው ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን "ኦፈሩ ሞቷል" ብላ ታስነሳቸው ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ ወንደላጤ ነኝ። በዚህ ሕግ ቢሆን አገራችን ውስጥ የተጋባ ሰው አይገኝም።

"ይኼ የፈረንጅ ሕግ ነው" አልኳት። "የእኛ እንዲህ አይጨክንም።"

ቤዛ ስልኳን ነካካች፤ ትንሽ አነበበች። "ሶሪ፣ ጋሼ። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም እዚህ ላይ ያው ነው። እምቢ ካልከው በኋላ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ነጻ ነው።"

በገዛ አገሬ ሕግ መሸነፌ ይበልጥ አመመኝ። ለካ ያልተስማማነው ከኬንያ ጋር አልነበረም።

"ግን" አለች ቤዛ፣ "የሷ ኦፈር ሞተ እንጂ አንተ አልሞትክም። አሁን አንተ ኦፈር አቅርብ። ሰውየው ገና አልፈረመም። ሂድና ቀጥታ 'ቤቱን እፈልጋለሁ' በላት።"

"ቀጥታ?"

"ስትሬት።"

ቆርጬ ተነሳሁ። እኔ ከቆረጥኩ ቆረጥኩ ነው። የእኔ ቁርጠኝነት ችግሩ ቀጥታ መንገድ አለመውደዱ ብቻ ነው።

በማግስቱ አንድ ትልቅ ፓፓያ ይዤ ማማ ንጄሪ ዘንድ ሄድኩ። እቅዴ ቀላል ነበር፦ ጨዋታው ሲሞቅ ራሳቸው ያነሱታል። አስቀመጡኝና "ቻይ?" አሉኝ። የወተት ሻያቸው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

"አይ፣ አይ፣ አሁን ጠጥቼ ነው" አልኩ።

"ሳዋ።" ለራሳቸው አንድ ኩባያ ቀዱና ማንዳዚያቸውን እየነከሩ ፊት ለፊቴ ጠጡት። ማንዳዚ ማለት የእኛ ፓስቲ የናይሮቢ ዘመድ ነው፤ ያን ቀን ትኩስ ነበር።

"ምን ልርዳህ፣ ፎር ቢ?"

"ምንም፣ ማማ። እንዲያው ልጠይቅዎ ብዬ ነው።"

ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ዝናቡ የሚወራው ሲያልቅ ስለ ፀሐይ አወራን። ከዚያ ተነሥቼ አመስግኜ ወጣሁ። ፓፓያዬን ግን በመጀመሪያው ቃል ነው የተቀበሉኝ።

ማክሰኞ ሽማግሌ ላክሁ። ይህኛውን አትሳቁብኝ፤ ትልቅ ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው። ጋሽ ታፈሰን ነው የላክኋቸው። ሰፈራችን ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው፤ ናይሮቢ ካለ ሐበሻ ውስጥ ተጣልቶ እሳቸው ያላስታረቁት የለም። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። እኔ ደረጃው ሥር ተደብቄ ጠበቅኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፊታቸው በርቶ ወጡ።

"ጨዋ ሴት ናቸው" አሉኝ ጋሽ ታፈሰ።

"እና ምን ተባለ?"

"ስለ ጤና ተጠያየቅን። ስለ ልጆቻቸው አጫወቱን። በመጨረሻ 'የምትፈልጉት ነገር አለ?' አሉን።"

"እናስ?"

"'ምንም፣ ጤናዎን ብቻ' አልናቸው።"

ግድግዳውን ያዝኩ። "ጋሽ ታፈሰ፣ ሰውየው እኮ ቅዳሜ ነው የሚፈርመው!"

"የሽምግልና የመጀመሪያው ቀን ለመተዋወቅ ነው" አሉ፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው ረጋ ብለው። "ጉዳዩ በሁለተኛው ይነሣል። አትጣደፍ። እንዲያውም በደንብ ተግባብተናል። ሻይ ሲያቀርቡ እምቢ ብንላቸው ገረማቸው። እኔም ወጋችንን አስረዳኋቸው። በጣም ወደዱት፤ ደብተራቸው ላይ ሁሉ ጻፉት።"

ይህን ለአልማዝ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ እንባው ግን አልቆመም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ደረጃውን እየቆጠርኩ እወጣ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሠላሳ ስድስተኛው ደረጃ ላይ፣ አልማዝ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ለብሳለች፤ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማዋለች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ማማ ንጄሪ ጋ" አለች። "ወንዱ አፍ ስታጣ እኔ ልናገር ብዬ ነዋ። ሠላሳ ስድስት ወረድኩ። ሠላሳ ስድስት ቀረኝ። መውረዱም መመለሱም እኩል ሆነብኝና ቁጭ አልኩ።"

"መቼ?"

"ስምንት ሰዓት ላይ።"

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ የተሸከምኩት ነገር ሁሉ የወደቀው የእሷ ጉልበት ላይ ነው።

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" አለችኝ እያየችኝ። "እኔ ደጃዝማችነት አልፈልግም። ሙዝ መሬት ላይ ቆሜ መግዛት ነው የምፈልገው።"

ቤዛና ዘበኛው መጡና በፕላስቲኩ ወንበር መልሰን አወጣናት። በዚህኛው ጊዜ ንግሥት ነኝ አላለችም።

ዓርብ ማታ ልምምድ አደረግን። አልማዝ ማማ ንጄሪ ሆነች፤ መነጽሬን በጫማ ክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

"ምን ልርዳህ፣ ፎር ቢ?"

"ማማ፣ ካላስቸገርኩ፣ የሚቻል ከሆነ…"

በምርኩዟ ወለሉን ደበደበች። "እንደገና!"

"ማማ፣ እርስዎ ደስ ካለዎት…"

"እንደገና!"

አሥራ አንደኛው ላይ "ቤቱን እፈልጋለሁ" የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ። ላብ አጠመቀኝ። ቤዛ ደግሞ በወረቀት አስፈረመችኝ፦ የቱ ቤት፣ ስንት ዓመት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ኪራይ። የቤት ነገር በጽሑፍ፣ በፊርማና በምስክር ነው አለችኝ።

"አንድ ነገር ግን ስማኝ፣ ጋሼ። ኖ ካለችህ ኖ ነው። አትጨቃጨቅ። የአንተም ኦፈር ይሞታል፤ አመስግነህ ውጣ።"

"ገብቶኛል" አልኳት። ሥራዬ አይደል!

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የማማ ንጄሪ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ሰውየው ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። አልማዝ ከአራተኛ ፎቅ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።

"ማማ፣ ዜሮ ኤን እፈልጋለሁ" አልኩ። ድምፄ ከግቢው አልፎ ሄደ። "ለሁለት ዓመት። ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ጀምሮ። አሁን በምከፍለው ኪራይ። ሚስቴ ሰባት ሳምንት ሙሉ መሬት አልረገጠችም። በጣም እፈልገዋለሁ።" ወረቀቱን ዘረጋሁ።

ማማ ንጄሪ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካከሉ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"አይሆንም" አሉ።

ልለምናቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ሕግ ሕግ ነው። "ሳዋ፣ ማማ። አመሰግናለሁ" ብዬ ዞርኩ። ፋይል ተዘጋ። የበረንዳውን ሦስት ደረጃ ወረድኩ፤ ወደ ላይ ቀና ብዬ አልማዝን ማየት ፈራሁ።

"ፎር ቢ! ወዴት ነው?"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "አይሆንም አሉኝ እኮ።"

"አንድ ጊዜ ነው ያልኩት" አሉ። ተቆጥተዋል። ደብተራቸውን ገለጡና እንደ ምንባብ አነበቡልኝ። "'በአገራቸው መጀመሪያ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው። የእውነት የሚፈልግ ሰው ሦስት ጊዜ ይጠይቃል።' ሽማግሌህ ናቸው ያስተማሩኝ። ያን ጊዜ ነው በር ላይ ያልከኝ የገባኝ። ለዚያኛው ሰው ቃል ሰጥቼ ስለነበር ግን መጥተህ እስክትጠይቀኝ ብዬ ጠበቅኩ። አሁን መጣህ። እንደ ወጋችሁ ላክብርህ ብዬ እምቢ አልኩህ። አንተ ግን ጥለኸኝ ትሄዳለህ። ጨዋነት የት ሄደ?"

ሳምንቱን ሙሉ እኔ የእሳቸውን ሕግ ሳጠና፣ እሳቸው የእኔን ወግ አጥንተው ጨርሰዋል።

በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ዘበኛው ሊከፍት ተነሣ።

"ማማ፣ ቤቱን እፈልጋለሁ" አልኩ ደረጃውን ተመልሼ እየወጣሁ።

"አይሆንም" አሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ። ርእሰ መምህር ፈተና አያሳጥርም።

መኪናው ገባ። በሩ ተከፈተ፤ ያ ባለ ሜትሩ ወጣት ወረደ።

"ማማ፣ በሞቴ!" አልኩ፣ በአማርኛ።

"ምን ማለት ነው?"

"ሦስተኛው ነው ማለት ነው።"

"ሳዋ" አሉና ብዕራቸውን አነሡ።

ቤዛ በነጠላ ጫማ ሮጣ ወርዳ በምስክርነት ፈረመች። ወጣቱ ቆሞ ያየናል፤ አሳዘነኝ። ማማ ንጄሪ ወደ እሱ ዞሩ። "ዜሮ ኤን ለሌላ ስለሰጠሁብህ ይቅርታ፣ ልጄ። ፎር ቢ ይለቀቃል። መስኮቱ ያው ልክ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው። ሊፍቱን በዚህ ወር አሠራዋለሁ። ትፈልጋለህ?"

"እፈልጋለሁ" አለ። በአንድ ቃል። ሳይሽኮረመም፣ ሳይቅለሰለስ። አፌን ከፍቼ አየሁት። ለካ ሰው እንዲህም ይኖራል።

ወሩ ሲገባ ወረድን። አልማዝ ለመጨረሻ ጊዜ በፕላስቲኩ ወንበር ወረደች፤ ወንበሩንም እዚያው ለዘበኛው መረቀችለት። በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ በአንድ እጇ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። ዘንቢሉ ላይ ገመዱ የለም።

"ልሸኝሽ?" አልኳት።

"አይ።"

"ተይ እንጂ፣ ልሸኝሽ።"

"አይ፣ ተቀመጥ።"

"በሞቴ፣ አልማዝ።"

ዞር ብላ አየችኝ። "ሦስቱንም ጨረስክ" አለች። "አይ ነው። ብቻዬን ነው የምሄደው።"

ሄደች። ቀስ እያለች፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ዘበኛውን ሰላም ብላ፣ ከበሩ ወጣች። ሙዝ ሻጯ ስታያት ተነሥታ አቀፈቻት፤ ልጇን አሸከመቻት። ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብዬ በተከፈተው በር አያቸው ነበር። አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

"ዜሮ ኤ!" የሚል ድምፅ ከበስተጀርባ መጣ። ርእሰ መምህር ዜሮ ብለውኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። "ዜሮ ኤ! ቻይ?"

"እጠጣለሁ" አልኩ። ጥያቄው ከአፋቸው ሳያልቅ ተነሥቻለሁ።